አይብ ቅቤ አይደለም

ቱም ላይ አንዲት እናት ወተት ሲንጡ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ቱም ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ ሲዘልቁ በማጂ ምድር የምትገኝ የምዕራብ ኦሞ ከተማ ናት። ቅሉ ታጥኗልና የጭሱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ውስጡ ያለው ለቀናት ተጠራቅሞ የረጋ እርጎ ነው። እሳቸው እየተጫወቱ ይወዘውዙታል፤ እኔ በየደቂቃው «አልደረሰም?» እላለሁ። «ድምፁን ስማው ልጄ፣ ሲደርስ ራሱ ይናገራል» አሉኝ። ጥቂት ቆይቶ እውነትም ድምፁ ተለወጠ። ይንቦጫረቅ የነበረው እርጎ ከበድ ያለ ነገር እንደያዘ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ።

ያኔ የኬቶ አመጋገብ ከጀመርኩ ሁለተኛ ወሬን ይዤ ነበር። እንጀራ ትቻለሁ፣ ስኳር ትቻለሁ፣ ክብደቴ ግን ንቅንቅ አላለም። ጠዋት አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት፣ ማታ ሌላ ብርጭቆ፣ ምሳ ላይ አይብ እስክጠግብ። ከላም የመጣ ሁሉ ቅባት ነው ብዬ አምን ነበር። ስህተቴን ያሳየኝ ያ ቅል ነው። በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ፣ ወይም ጀምራችሁ ያቋረጣችሁ ወዳጆቼ፣ ቅሉ ያሳየኝን እነግራችኋለሁ፤ ሁለት ወር ታተርፋላችሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሰውነታችን እንደልማዱ የሚያነደው ከእህልና ከሥራ ሥር የሚያገኘውን ስኳር ነው። የቀኑ ካርቦሃይድሬት ወደ 50 ግራም፣ ጥብቅ ለሚሉት ደግሞ ወደ 20 ግራም ሲወርድ ጉበት ስብን እየሰባበረ ኬቶን የሚባል ሌላ ማገዶ ያዘጋጃል። ለአመጋገቡ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1921 ያወጣለት በአሜሪካ ሜዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ሐኪም ራስል ዋይልደር ነው፤ ያኔ የታሰበው ውፍረት ለመቀነስ ሳይሆን የሚጥል በሽታን ለማከም ነበር። በተለመደው አያያዝ ከቀኑ ጉልበት 70 በመቶውና ከዚያም በላይ የሚመጣው ከስብ ነው። አብዛኞቻችን የምንወድቀው እዚህ ጋ ነው። እህሉን ከምድጃው እናወጣለን፣ በምትኩ ግን ሌላ ማገዶ አናስገባም። በአራተኛው ቀን ራሳችንን ያዞረናል፣ በአምስተኛው ወደ ሞሰቡ እንመለሳለን፣ ከዚያም «እኔ ቆራጥ አይደለሁም» ብለን እናዝናለን። ቆራጥነታችሁስ ምንም አልጎደለውም፤ ምድጃው ባዶ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ቅሉ እንመለስ። አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር፣ 12 ግራም ያህል የወተት ስኳር አለው። ሁለት ብርጭቆ 24 ግራም ነው፤ ጥብቅ ኬቶ ለያዘ ሰው ሌላ ምግብ ሳይጨመር የቀኑ ድርሻ አልቋል። እርጎው ትንሽ ይሻላል፤ ያረጉት ባክቴሪያዎች ከስኳሩ ከፊሉን ወደ አሲድ ለውጠውታል፣ የሚኮመጥጠውም ለዚህ ነው። ጨርሰው ግን አይበሉትም። ሲናጥ ስቡ ተሰብስቦ ቅቤ ሆኖ ይወጣል። የሚቀረው አሬራ ነው። አሬራው በእሳት ሲሞቅ አይብና አጓት ሆኖ ይለያያል። ልብ በሉ፤ አይብ ዘንድ ስንደርስ ስቡ ቀድሞ ከቤት ወጥቷል። በአገራችን አይብ 100 ግራም ውስጥ ፕሮቲኑ 15 ግራም ገደማ ሲሆን ስቡ 2 ግራም ቢደርስ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከውጭ የመጣ መመሪያ ስለሚያነብ ይመስለኛል። መመሪያው «አይብ ብሉ» ሲል የሚያስበው ስቡ ካልወጣ ወተት የተሠራውን ጠንካራ አይብ ነው፤ ቼዳር የሚባለው ለምሳሌ ከ100 ግራሙ 33 ግራም ያህል ስብ ነው። የእኛው ሌላ ነገር ነው። ይህ ማለት አይብ ይቅር ማለት አይደለም፤ ፕሮቲኑ ያስፈልገናል። የተወሰደበትን መልሱለት ነው የምላችሁ። የነጠረ ቅቤ አፍስሱበት፣ ከተቀቀለ ጎመን ጋር ቀላቅሉት፣ ሚጥሚጣ ነስንሱበት። ይህን ሳህን ይዞ የሚርበው ሰው አላየሁም።

ቅቤው ራሱ ከመቶ 80 እጁ ስብ ነው፤ ስኳሩ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሲነጠር ደግሞ ውሃውና የወተቱ ቅሪት ወጥቶ ሙሉ ለሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ስብ ይሆናል። ወተት ሆዳቸውን የሚነፋቸው ሰዎች ንጥር ቅቤ የሚስማማቸው ለዚህ ነው። ማጣፈጫውም ከዚሁ ምድር ነው፤ ኮረሪማውና ጥምዙ ከጫካው፣ እርዱ ከቴፒ። ስትገዙ ግን ዓይናችሁ አይቸኩል። በኮባ የተጠቀለለውን ገልጣችሁ አሽትቱ፣ በጣታችሁ ፈትኑ፤ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ በየገበያው አለ። ከምታውቋት ሴት መግዛት ከሁሉ ይበልጣል።

ቅቤ ለምን እንደሚወደድ የገባኝም እዚያው ነው። አንድ ኪሎ ለማውጣት ከ15 እስከ 20 ሊትር ወተት ይጠይቃል። አንዲት የአገር ዝርያ ላም በቀን የምትሰጠው በአማካይ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ኪሎ ቅቤ የአንዲት ላም የአሥር ቀንና ከዚያ በላይ ወተት፣ የአንዲት እናት ብዙ ጠዋት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ማንኪያዬ ውስጥ ያለውን በክብር ነው የምበላው።

ሒሳቡንም ላሳያችሁ፤ የማያስፈራ ነው። በቀን 2,000 ካሎሪ የሚበላ ሰው 70 በመቶውን ከስብ ሲያገኝ 155 ግራም ያህል ይሆናል። በንጥር ቅቤ ብቻ ቢሆን 11 የሾርባ ማንኪያ! ማንም አይችለውም፣ አያስፈልግምም። ሦስት እንቁላል 15 ግራም ይሰጣችኋል። አንድ ትልቅ አቮካዶ 30 ግራም። ሦስት ማንኪያ ንጥር ቅቤ 40 ግራም ገደማ። ጮማ ያለበት ጥብስ ሲጨመር ወደ ግቡ ተጠጋችሁ። ክብደት ለመቀነስ የያዛችሁት ከሆነ ደግሞ የጎደለውን ሰውነታችሁ ከራሱ ክምችት ይሞላል፤ የመጣችሁትም ለዚሁ ነው።

አቮካዶውን በችኮላ አልለፈውም። በሚዛንና በቴፒ አካባቢ ዛፉ በየጓሮው ነው። ከ100 ግራሙ 15 ግራም ስብ፣ 8 ግራም ተኩል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚያ ውስጥ ወደ 7 ግራሙ አሰር ስለሆነ ወደ ደም የሚገባው ስኳር 2 ግራም ቢሆን ነው። ስቡም ለልብ የሚስማማው ዓይነት ነው። ቅቤ ለተወደደበት ቤት ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። በጨውና በሎሚ ብሉት፤ በጭማቂ ቤት ስኳር ተጨምሮበት የሚቀርበውን ግን እለፉት።

ለመጠጥ የሚሆን አጣሁ የሚል ካለ በቤንችና በከፋ ቤቶች ጨሞ ይቅመስ፤ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር ተፈልቶ በጨው የሚጠጣ ነው። ስኳር የለውም፣ ጨውም ያለው በመሆኑ በመጀመሪያው ሳምንት የሚመጣውን ራስ ምታትና ድካም ያቃልላል፤ እህል ሲቀር ሰውነት ውሃና ጨው በብዛት ያስወጣልና። ቡናውም ያለ ስኳር ይጠጣ። በውጭ አገር ቡና ላይ ቅቤ መጨመር እንደ አዲስ ግኝት ሲወራ እሰማለሁ፤ በጉራጌና በኦሮሞ ቤት ቡና በቅቤ ከጥንት የነበረ ነው።

ከባዱ ነገር በዚህ አገር የሚተወው ሁሉ የሚጣፍጥ መሆኑ ነው። ጎደሬ፣ ቆጮ፣ በቆሎ፣ ሙዝ፣ የሸካና የከፋ ማር። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር ነው። የጤፍ ዱቄት ከ100 ግራሙ ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ነው። እነዚህ መጥፎ ምግቦች አይደሉም፤ ትውልድ ያሳደጉ ናቸው። ከቱም በታች በቆላው ከብት የሚያረቡት ሱሪዎች እንኳ፣ በወተትና በከብት ደም የታወቁ ቢሆኑም፣ ማሽላና በቆሎ ይበላሉ። እኛ ለራሳችን ምክንያት፣ ለተወሰነ ጊዜ እናቆያቸዋለን፤ በዚህ ማንም ማፈር የለበትም። የሰው ቤት ስትሄዱ ከዚያው ትሪ ወጡን በማንኪያ ብሉ፣ ምክንያታችሁን ለባለቤቷ በግልጽ ንገሯት። ያከበራችኋት እናት ጎመኑን ራሷ ታበዛላችኋለች።

ጾምስ? ይህን የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ቅቤም እንቁላልም የለም። አቮካዶ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ የኑግ ዘይት፣ በልኩ ለውዝ፣ ጎመንና ቆስጣ አሉ። ጥብቅ ኬቶን በጾም መያዝ ከባድ ነው፤ ሽሮውና ምስሩ ሲጨመር ቁጥሩ ከፍ ይላል። እኔ በጾም ወራት ልኩን አሰፋለሁ፣ ስኳርና ነጭ ዳቦ ግን አልነካም። ከፋሲካ በኋላ እመለሳለሁ፤ እስካሁን መመለስ አቅቶኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ስለምወዳችሁ ነው። የስኳር መድኃኒት በተለይም ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠቡ እናቶች ሐኪም ሳታማክሩ እንዳትጀምሩ። መድኃኒቱ ሳይስተካከል እህሉ ቢቀር የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ሌሎቻችንም ከመጀመራችን በፊትና ከሦስት ወር በኋላ የደም ኮሌስትሮላችንን እንለካ፤ አንዳንድ ሰው ላይ በጣም ይጨምራልና። ወተትም ይፈላ፤ ጥሬው ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ያስተላልፋል።

ነገ ጠዋት ለመጀመር የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም። በንጥር ቅቤ የተጠበሰ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል፣ ግማሽ አቮካዶ፣ ያለ ስኳር ቡና። ምሳ ጎመን በስጋ። ማታ አይብ፣ ቅቤው ተመልሶለት። ለሰባት ቀን ይህን ብቻ ያዙ፤ ሚዛኑን አትዩት፣ ከሰዓት በኋላ ያለው እንቅልፍና ረሀብ ምን እንደሆነ ተመልከቱ። እኔ ላይ መጀመሪያ የተለወጠው እሱ ነበር።

የቱሟ እናት ቅቤውን በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው አጠቡት፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው በእጄ አኖሩልኝ፣ አሬራውን ለልጆቹ ቀዱላቸው። ከዚያ ቅሉን አጥበው ለነገው ወተት እንደገና ማጠን ጀመሩ።