ልጅ ሳንቲም ቆጥሮ መልሱን እንዲያውቅ

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሳንቲም ቆጠራ ነው። “ይሄ ደግሞ ትምህርት ነው እንዴ?” የምትል አትጠፋም። ግን እዚሁ በኒ ማሊክ ከእናታቸው ጋር እየኖሩ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ልጆች አሉ። እናት ኢቃማ ከሌላት ወደ ውጭ መውጣት ትፈራለች፤ ባቃላ የሚላከው ልጁ ነው። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ 10 ሪያል ይዞ ይሄዳል፤ የተሰጠውን መልስ ሳያይ ጨብጦ ይመጣል። ቢጎድል ተመልሳ የምትከራከርለት እናት የለችም። ስለዚህ እዚያው ሻጩ ፊት መቁጠር መቻል አለበት።

መጀመሪያ ልጅ የሚሳሳትበትን እንወቅ። ትንሽ ልጅ የሚቆጥረው ፍሬውን እንጂ ዋጋውን አይደለም። ሦስት ባለ 10 ሃላላ ብትሰጡት “ሦስት” ይላችኋል። በዚህ አትቆጡት፤ ቁጥር ሲማር “አንድ ነገር፣ አንድ ቁጥር” ተብሎ ነው የተማረው። ሌላው ስህተት ትልቁ ሳንቲም ብዙ ዋጋ ያለው ይመስለዋል። የእኛንም አገር ሳንቲም እዩ፤ ቢጫዋ አስር ሳንቲም ከስሙኒ በስፋት ትበልጣለች፤ በዋጋ ግን ስሙኒ ትበልጣለች።

መፍትሔው ዋጋውን በዓይኑ እንዲያየው ማድረግ ነው። የፉል ፍሬ ወይም ሽምብራ አምጡ። በአንድ ወረቀት ላይ ባለ 5 ሃላላ አስቀምጡና ከሥሩ አምስት ፍሬ ደርድሩ። ለባለ 10 አስር ፍሬ፣ ለባለ 25 አምስት አምስት እያደረጋችሁ አምስት ረድፍ። ለ50 ደግሞ አስር ረድፍ። “ሁለት ባለ አምስት ስጠኝ፣ አንድ ባለ አስር ልስጥህ” እያላችሁ መለዋወጥ ነው። እኛ በልጅነታችን ዕቃ ዕቃ ስንጫወት ቅጠሉን ብር አድርገን ስንገበያይ አልነበር? ያው ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ቢለዋወጥ አይበዛበትም። ይህ ሳይገባው ወደ መደመር አትሂዱ።

ከዚያ በኋላ መቁጠር። ሁልጊዜ በዋጋ ከትልቁ ጀምሮ ይደርድር። ሁለት ባለ 50፣ አንድ ባለ 25፣ ሁለት ባለ 10 ቢኖረው፦ ሃምሳ፣ መቶ (እዚህ ላይ አንድ ሪያል ሞላ በሉት)፣ መቶ ሃያ አምስት፣ መቶ ሠላሳ አምስት፣ መቶ አርባ አምስት። አንድ ሪያል ከ45 ሃላላ ሆነ ማለት ነው። ከትንሹ ከጀመረ መንገድ ላይ ይጠፋበታል።

የዓረብኛውን ቁጥርም አትርሱ። እንደ ዜሮ ክብ የምትመስለው አምስት ናት፤ ዜሮዋ ነጥብ ብቻ ናት። እኛ የምናውቀውን ሰባት የምትመስለው ደግሞ ስድስት ናት። የባቃላውን ዋጋ ማንበብ የሚያቅተን ብዙዎቻችን በዚህ ነው። ልጁ ሲማር እኛም አብረን እንማር፣ ምን ነውር አለው?

ስለ ስሙ ደግሞ አንድ ነገር። ትልልቅ የሳዑዲ ሴቶች “ቂርሽ” ሲሉ ትሰማላችሁ፤ አንድ ቂርሽ 5 ሃላላ ነው፣ ሃያው አንድ ሪያል። በእኛም አያቶቻችን 25 ሳንቲምን ስሙኒ፣ 50 ሳንቲምን ሽልንግ ይላሉ። ሽልንግ የተባለው በ1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ በአገሩ ይሠራበት የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ሁለቱ በአንድ ብር ስለተመነዘረ ነው። ባለ 1 እና ባለ 2 ሪያል ባለ ሁለት ቀለም ሳንቲሞች የወጡት በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ ሳንቲም ሁሉ ሃላላ እንዳይመስለው።

አሁን ወደ መልስ እንምጣ፤ ዋናው ይሄ ነው። ልጅን “ከአምስት ላይ ሦስት ከአርባ አምስት ቀንስ” ብትሉት ግራ ይገባዋል። ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቫቱ 15 በመቶ ስለሆነ እንዲህ ያለ የተሸራረፈ ዋጋ ይበዛል። ሳይቀንስ ወደ ላይ ይቁጠር። የዕቃው ዋጋ 3 ሪያል ከ45፣ የሰጠው 5 ሪያል ነው እንበል። ከ3.45 ተነስቶ 5 ሃላላ ሲጨምር 3.50፣ ሃምሳ ሲጨምር 4፣ አንድ ሪያል ሲጨምር 5። የጨመረውን ሲሰበስብ 1 ሪያል ከ55 ነው፤ መልሱ ይኸው። ሻጩ “ዝርዝር የለም” ብሎ ማስቲካ ቢሰጠውስ? “ማስቲካ አልፈልግም” ማለትንም አስተምሩት፤ ስንት እንደቀረበት ካወቀ ይናገራል።

በሰው ቤት ያላችሁ እህቶች፣ ይህን በደንብ አንብቡ። የምታሳድጓቸውን ልጆች ማስተማር መልካም ነው፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ ወድቆ ባገኛችሁት ሳንቲም አታስተምሩ። ልብስ ስታጥቡ ከኪስ የወጣውን መዳም የምታይበት ቦታ አስቀምጡ። ሃምሳ ሃላላ ቢሆንም “ሰረቀች” የሚል ስም ያመጣል። ካርቶን ቆርጣችሁ ቁጥር ጻፉበት፣ ወይም መዳምን አስፈቅዳችሁ ልጁ በዒድ ያገኘውን ዒዲያ እሱ ራሱ ይዞ ይቁጠር፤ ሲጨርስም እሱ ራሱ ያስቀምጠው፣ እናንተ አትንኩት።

አገር ቤት ልጅ ያላችሁ ደግሞ በስልክ አስተምሩ። እዚያ ሳንቲም ዛሬ ገበያ ላይ ብዙም አይገዛበትም፤ በብር ይሁን። ብዙ ልጅ ገንዘብ ከስልክ የሚወጣ ይመስለዋል፤ “እማዬ ላኪልኝ” ማለት ብቻ። እስቲ ከላካችሁት ላይ 500 ብሩን አያቱ ፊት ይቁጠር፣ ደብተሩ፣ እስክሪብቶው፣ ሳሙናው ስንት ስንት እንደሆነ ጠይቆ ጽፎ ይደምር፣ የቀረውን በድምፅ ይላክላችሁ። ሂሳቡ ባይገጥም አትጩኹበት፤ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ይላክና የት ላይ እንደሳተ አብራችሁ ፈልጉ።

ከፍ ላሉት ልጆች፣ ለእናቶችም ጭምር፣ አንድ ጥያቄ ትተናል። አንዲት እህት ደመወዟ በወር 1000 ሪያል ነው። በወሩ አጋማሽ ወጥታ የ18 ቀን ሂሳብ ይገባታል፤ 550 ሪያል ሰጧት። ወሩን 30 ቀን አድርጋችሁ ስንት እንደጎደላት አስሉ። መጀመሪያ የአንድ ቀኑን ፈልጉ፤ 33 ሪያል ከ33 ሃላላ ገደማ ይመጣል። ከዚያ በ18 አባዙ። 600 ገደማ ካልመጣላችሁ ሃላላዋን ጥላችሁ ነው ያባዛችሁት፤ እሷን ጨምራችሁ እንደገና ሞክሩ።