ሃያ ክብሪት የቀረው ተጫዋች

ሳሪስ አቦ ውስጥ፣ በአንድ ቤት፣ ዘጠኝ ጓደኛሞች የፖከር ውድድር ይዘዋል እንበል። የሚያዘው ገንዘብ ሳይሆን የክብሪት እንጨት ነው። ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ በስውር ይታደላል፤ ሌሎች አምስት ካርታዎች ደረጃ በደረጃ መሐል ላይ ይገለጣሉ። በእያንዳንዱ እደላ ሁለት ሰዎች በየተራቸው፣ ካርታቸውን ሳያዩ፣ አንዱ 1 ሌላው 2 እንጨት የማስያዝ ግዴታ አለባቸው። እንጨቱ ያለቀበት ይወጣል። ከዘጠኙ አንዱ 20 እንጨት ብቻ ቀርቶታል። ምን ቢያደርግ ይበጀዋል?

ብዙ ሰው «ጥሩ ካርታ እስኪመጣ ታገሥ» ይላል። ምክሩ በስሌት ሲመረመር ግን አይጸናም። ከ52 ካርታ ሁለት ሁለቱን በማጣመር 1,326 ጥምረት ይገኛል። ከእነዚህ ውስጥ የአሥር፣ የጃክ፣ የንግሥት፣ የንጉሥና የአስ ጥንዶች እያንዳንዳቸው 6፣ በድምሩ 30 ናቸው። እንዲህ ያለው ጥንድ እንግዲህ በአማካይ በ44 እደላ አንድ ጊዜ ይመጣል። ይህ አምስት ዙር ገደማ ነው፤ አንዱ ዙር ደግሞ 3 እንጨት ይበላል። ታጋሹ ሰው የተመኘውን ሲያገኝ በእጁ የሚቀረው 5 እንጨት ያህል ስለሆነ፣ አሸንፎ እጥፍ ቢሆንለት እንኳ ከተነሣበት ግማሽ ላይ ይገኛል። በ44 እደላ ውስጥ ጥንዱ ጨርሶ ያለመምጣቱ ይሁንታም ከሲሶ ይበልጣል። በእውነተኛ ውድድር የግዴታው መያዣ በየጊዜው ስለሚያድግ ነገሩ ከዚህም ይከፋል።

የተሻለው መንገድ፣ 20ው ገና 20 ሳለ፣ ቀድመው የሚወስኑት ሁሉ ካርታቸውን ሲጥሉ ጠብቆ፣ መካከለኛ ካርታ ይዞም ቢሆን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስያዝ ነው። የቀሩት ቢሸሹ መሐል ያሉትን 3 እንጨቶች ይወስዳል፤ ቢገጥሙትም ካርታው ዕድል አለው። እስቲ 2 እንጨት በግዴታ ያስያዘውን ሰው እንመልከት። ለመግጠም 18 ይጨምራል፤ መሐል የሚከማቸውም 41 ይሆናል። የማሸነፍ ይሁንታው ከመቶ 44 ካልደረሰ መሸሽ ይሻለዋል፤ ብዙውን ጊዜም ይሸሻል። ተጫዋቻችን 5 እንጨት ሲቀረው ቢያስይዝስ? ያኔ ገጣሚው 3 ጨምሮ ለ11 ይጫወታል፤ የሚያስፈልገው ከመቶ 27 ብቻ ነው። በዘፈቀደ ከተያዘ ካርታ ጋር ሲገጥም እጅግ ደካማው ጥምረት፣ ዓይነታቸው የተለያየ 2ና 3፣ ከመቶ 32 ያህል ያሸንፋል። ስለዚህ የሚሸሽ አይኖርም። ከእንጨቶቹ ጋር ማስፈራራቱም አብሮ አልቋል።

ነገሩ ከፖከር ይሰፋል። ሌስተር ዱቢንስና ሊዮናርድ ሳቬጅ የተባሉ አሜሪካውያን የሒሳብ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ጨዋታው በተጫዋቹ ላይ ሲያደላ በድፍረት ማስያዝ ከየትኛውም ሌላ ዘዴ እንደማያንስ አስረድተዋል። ከ38 ቁጥሮች 18ቱ ቀይ በሆኑበት የሩሌት መንኰራኵር ላይ 10 እንጨትን 20 ለማድረስ የሚሻ ሰው፣ ሁሉንም በአንዴ ቀይ ላይ ቢያስይዝ ይሁንታው ከመቶ 47 ነው። አንድ አንድ እያደረገ ቢያስይዝ ግን ወደ 26 ይወርዳል። ጥቂቷ አድልዎ ጨዋታው በረዘመ ቁጥር ትከማቻለችና። በየዙሩ የሚከፈሉት 3 እንጨቶችም ታጋሹን የሚጎዱት በዚሁ መንገድ ነው።

ድፍረቱ የሚገታበት ሁኔታም አለ። አራት ሰው ቀርቶ ሽልማቱ ለሦስት ብቻ ቢሆን፣ ከአራቱም አንዱ 4 እንጨት ብቻ ቢኖረው፣ ባለ 20ው የዚያን ሰው መውጣት መጠበቁ ያዋጣዋል፤ እንጨቱ በእጥፍ ቢጨምር የሽልማት ተስፋው በእጥፍ አይጨምርምና።