ተረት ለማን ይነገራል? በአካቶ ክፍል የተረት አመራረጥና አቀራረብ

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. ስታጸድቅ በአንቀጽ 24 የተደነገገውን የአካቶ ትምህርት ግዴታ ተቀብላለች። ሆኖም አካቶነት ተማሪውን ወደ ክፍል በማስገባት ብቻ አይረጋገጥም፤ በክፍሉ የሚነገረውና የሚታየውም ሊደርሰው ይገባል። ይህ ጽሑፍ የተረትንና የልጆች ቴሌቪዥን ዝግጅትን ፋይዳና ወሰን ከዚህ አንጻር ይመረምራል።

ተረት አድማጩን ከመነሻው ተሳታፊ ያደርጋል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ለመመለስ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ በመሆኑም ማንበብ የሚቸግረው ልጅ ከጓደኞቹ እኩል ይሳተፋል። ይህን ልማድ ተስፋዬ ሳህሉ (አባባ ተስፋዬ) ለአሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አዝልቀውታል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የቀረበው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ደግሞ በአሻንጉሊት ገጸ ባሕርያት ሕፃናትን ያስተምራል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ስልት የራሱ አጥር አለው። የቃል ተረት ያለ ምልክት ቋንቋ ሲነገር መስማት የተሳነውን፣ የአሻንጉሊት ትዕይንት ያለ ገላጭ ቃል ሲቀርብ ዓይነ ስውሩን ተማሪ ከዳር ያስቀምጣል።

ሁለተኛው አጥር የሚገኘው በይዘቱ ነው። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል «ፍትሕ» የሚል ተረት ይገኛል። ፍየሎቿ የጠፉባት ሴት መስማት የተሳነውን ሰው ትጠይቃለች፤ እሱ የውኃ መንገድ የጠየቀችው መስሎት ይጠቁማታል፤ እሷም በአጋጣሚ ፍየሎቿን ታገኛለች። ለምስጋና እግሩ የተሰበረ ግልገል ስታቀርብለት «ሰበርክ» ያለችው መስሎት ይቆጣል። ጉዳዩ ዳኛ ዘንድ ይደርሳል፤ ዳኛውም በቅጡ ስለማይሰማና አጥርቶ ስለማያይ ባልና ሚስት የተጣሉ መስሎት ይፈርዳል።

ተረቱ ለሳቅ ብቻ ከተነገረ መሳቂያው የሰውየው ጆሮ ይሆናል። መምህሩ «ሰዎቹ እንዲግባቡ ምን መደረግ ነበረበት?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ጉድለቱ ከግለሰቡ ወደ መግባቢያው ይዞራል። በእርግጥም ሴትየዋ እየሰማች ፍትሕ አጥታለች፤ አጥሩ የጎዳው መስማት የተሳነውን ብቻ አይደለም። ተረቱን ከክፍል ማስወገድ ይህን ትምህርት ያስቀራል፤ ልጆቹም ተመሳሳይ ቀልድ ከክፍል ውጭ ያለ ውይይት መስማታቸው አይቀርም።

ከዚህ ትንተና አራት የአሠራር ነጥቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ የተረቱ ዋና ቃላት አስቀድመው በምልክት፣ በሥዕልና በሚዳሰስ ቁስ ይዘጋጁ። ሁለተኛ፣ የመክፈቻው ምልልስ በድምፅም በእጅ ምልክትም ይሁን። ሦስተኛ፣ ጉዳት ያለበት ተማሪ ስለ ገጸ ባሕርይው እንዲመሰክር አይገደድ። አራተኛ፣ ተማሪዎች መረዳታቸውን በንግግር፣ በምልክት ቋንቋ፣ በሥዕል ወይም በትወና የመግለጽ አማራጭ ይኑራቸው።

በአጠቃላይ ተረት በራሱ አካታችም አግላይም አይደለም፤ የሚወስነው መምህሩ ከመናገሩ በፊት የሚያደርገው ዝግጅትና ከተናገረ በኋላ የሚያነሣው ጥያቄ ነው። ቀጣይ ጥናቶች እነዚህን ነጥቦች በክፍል ምልከታ ቢፈትሹ ለመምህራን ሥልጠና ይጠቅማሉ።