በዒድ ቀን ስለ ልጆች ጨዋታ

 

ኢማም ቡኻሪና ኢማም ሙስሊም እንዳወሩት፣ በአንድ የዒድ ቀን ሐበሾች በመዲና መስጊድ በጦርና በጋሻ ይጫወቱ ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ገና ወጣት ነበሩና፣ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) በኩታቸው ከልለዋቸው፣ እስኪሰለቻቸው ድረስ ከኋላቸው ሆነው ተመለከቱ። ነቢዩም ተጫዋቾቹን በኒ አርፊዳ በሚለው መጠሪያቸው ጠርተው አበረታቷቸው።

እኛ ሐበሾች ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል። ነገር ግን አስተውሉ፤ እንግዶቹ የገቡት የገዛ አገራቸውን ጨዋታ ይዘው ነው፤ አስቀድማችሁ ዐረብ ሁኑ አልተባሉም።

አዳማ በጅቡቲው የባቡር መሥመር ላይ ያደገች ከተማ ናትና፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ አርጎባው፣ ሶማሌው፣ ከየመን የመጣውም ዐረብ በአንድ ገበያ ተገናኝቶባታል። በሞጆም በሻሸመኔም ልዩ ልዩ ነገድ በአንድ መንደር ያድራል። አባቶች በሚዛኑ ፊት ይስማማሉ። ልጆቻቸውስ?

አንድ ዓመት ከዒድ ሶላት በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ። አዲስ ጀለቢያ የለበሰ የነጋዴ ልጅ ኳስ ይዞ ወጣ። የአባቱን ጆንያ የሚሸከመው የኩሊው ልጅ ሊጫወት ቢጠጋ፣ ባለኳሱ በመልኩ ጥቁረትና በዘሩ ሰደበው። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የተሰደበው ልጅ አላለቀሰም፤ አሮጌ ሸሚዙን ወደ ታች እየጐተተ ወደ ቤቱ ሄደ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያን ስድብ ከየት አመጣው? ከገበያ ነው እንዳትሉኝ።

ታላቁ ሶሐባ አቡ ዘር አንድን ሰው በእናቱ በነቀፉ ጊዜ፣ ነቢዩ የጃሂልያ ጠባይ እንዳለባቸው ነገሯቸው። አገልጋይ ወንድማችሁ ነውና ከምትለብሱት አልብሱት ሲሉም አዘዙ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ረበዛ በምትባለው ስፍራ አቡ ዘርን ያገኘ ሰው፣ በርሳቸውና በአገልጋያቸው ላይ አንድ ዓይነት ልብስ አይቶ ምክንያቱን ቢጠይቅ ይህንኑ ታሪክ አወሩለት።

ስለዚህ ነጋዴው ወንድሜ ሆይ፤ ለልጅህ የዒድ ልብስ ስታስቆርጥ፣ ከዚያው ጣቃ ለኩሊህም ልጅ አስቆርጥ። ይህንንም ከዘካተል ፊጥር አትቁጠረው፤ እርሱ በቤተሰብህ ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ ሷዕ እህል ሆኖ ከሶላት በፊት የሚወጣ ግዴታ ነው።

ደግሞም ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ዒዳችን የአገሪቱ በዓል ስለሆነ፣ የክርስቲያኑ ጎረቤታችሁም ልጅ በዚያ ቀን ትምህርት የለውም። ከደጃችሁ ቆሞ ጨዋታውን ሲመለከት ብታዩት አስገቡት። ሥጋችንን ስለማይበላ ቴምርና ሐላዋ ለብቻ ይቀመጥለት፤ በሩም እስከ ዐስር ሶላት አይዘጋ።