ማደስ ምንድን ነው? ስለ አሮጌ የስፌት መኪናና ስለ እንጨት ጠረጴዛው የቀረበ ትምህርት

የዚህ ትምህርት መነሻ አንድ ጥያቄ ነው፦ የቆየ የልብስ ስፌት መኪና ታደሰ የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ብዙ ሰው «አዲስ ሲመስል» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ግን ብዙ መኪና አበላሽቷል። ጥቁሩን ቀለም ልጦ በሌላ ቀለም የቀባው፣ ወርቃማውን ጌጥ ፈትጎ ያጠፋው፣ የጠረጴዛውን እንጨት በማሽን ሞርዶ ያሳሳው ሁሉ አዲስ ለማስመሰል የተጋ ሰው ነው። እኛ የምንመልሰው እንዲህ ነው፦ ማደስ ማለት መኪናው የተሠራለትን ሥራ እንደገና እንዲሠራ ማድረግ፣ ይህንንም ከአካሉ የተቻለውን ያህል ጥቂት ብቻ በመንካት መፈጸም ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የዚህ መልስ ማብራሪያ ነው።

ለማስረጃ የምንይዘው በእግር የሚረገጠውን ሲንጀር 15ን ነው። አይዛክ ሲንጀር ለስፌት መኪናው የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 በአሜሪካ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ በየጊዜው በሚከፈል ክፍያ መሸጥ በመጀመሩ መኪናው ወደ ተራው ሰው ቤት ገባ። በስኮትላንድ ክላይድባንክ ከተማ የነበረው ትልቁ የኩባንያው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1885 ተጠናቆ እስከ 1980 ሠርቷል። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኬ» የሚል ፊደል ያለው፣ ለምሳሌ 15ኬ፣ የዚህ ፋብሪካ ሥራ ነው። በየገበያው በረንዳ ላይ ፔዳል እየረገጡ የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎችን ለሚያውቅ የእኛ አገር አንባቢ ይህ መኪና እንግዳ አይሆንበትም። 15ን ለትምህርት የመረጥንበት ሌላም ምክንያት አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ፋብሪካዎች ይህንኑ ንድፍ በብዛት ስለሠሩት ቦቢኑም፣ የቦቢን ቤቱም፣ መርፌውም ዛሬ ድረስ ይገኛል።

አንደኛው መለያ፦ ቆሻሻና ዕድሜ

አንድ አሮጌ መኪና ላይ የሚታየው ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። የደረቀ ዘይት፣ የክር ብናኝ፣ አቧራና ዝገት ቆሻሻ ናቸው፤ ሥራውን ስለሚያግዱ ይወገዳሉ። የሰፊው እጅ እየተመላለሰ ያደበዘዘው ጌጥ ግን ዕድሜ ነው። ሥራ አያግድም፣ ቢነሳም ምትክ የለውም።

ይህ መለያ በተግባር ከባድ የሚሆነው ሁለቱ ተደራርበው ስለሚገኙ ነው። ጥቁሩ ሽፋን ከሬንጅ መሰል ነገር ተዘጋጅቶ በምድጃ የተጋገረ ስለሆነ ጠንካራ ነው። በላዩ ወርቃማው ጌጥ ተለጥፏል፤ በጌጡ ላይ ደግሞ ሼላክ የሚባል ስስ ልባስ አለ። ሼላክ ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫ የሚሠራ ሲሆን የሚሟሟውም በአልኮል ነው። እንግዲህ መኪናውን ለማጽዳት ብሎ አልኮል ወይም አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ የሚያፈስ ሰው ልባሱን ያሟሟል። ጌጡም መጀመሪያ ይነጣል፣ ቀጥሎም እየተፈረፈረ ይነሳል። ለዚህ ክፍል የሚስማማው ራሱ የስፌት መኪና ዘይት ነው። በለስላሳ ጨርቅ ይቀቡት፣ ቆሻሻው እስኪላላ ይተዉት፣ ሳይጫኑ ይጥረጉት፤ አስፈላጊ ከሆነም ይድገሙት። ከሁሉ አስቀድመው ግን በማይታይ ጥግ ላይ ይሞክሩት።

ሁለተኛው መለያ፦ የሚያልቅና የሚኖር

«ያለውን ጠብቁ» ሲባል ሁሉም ነገር ይጠበቅ ማለት ነውን? አይደለም። መኪናውን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው አንዳንዱን ክፍል እንዲያልቅ አስበው ሠርተውታል። መርፌ፣ የቆዳ ቀበቶ፣ የቦቢን መጠቅለያው ትንሽ የጎማ ቀለበት ያልቃሉ። እነዚህን መለወጥ የመኪናውን ማንነት አይነካም። አካሉ፣ ዘንጎቹ፣ ጊዛው እግርና ጠረጴዛው ግን እንዲኖሩ የተሠሩ ናቸው።

የኤሌክትሪክ ሞተር ያለው ከሆነ ሽቦውም ከሚያልቁት ይቆጠራል። የጥንቱ የጎማ ሽፋን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ታሪካዊ ነው ተብሎ አይተውም። የሰው ሕይወት ከማንኛውም ቅርስ ይቀድማልና በባለሙያ ይለወጣል።

መርፌን በተመለከተ አንድ ነገር በቅርበት እንመልከት። የ15 መርፌ ዛሬ 130/705 ኤች በሚል ቁጥር የሚሸጠው የተለመደው የቤት መርፌ ነው። አናቱ በአንድ ወገን ጠፍጣፋ ነው፤ ከጠፍጣፋው በተቃራኒ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ረጅም ቦይ አለ። ክር የሚገባው ከረጅሙ ቦይ ወገን ነው። በ15 ላይ ጠፍጣፋው ወደ ግራ ይዞራል፣ ክሩም ከቀኝ ወደ ግራ ይገባል። «ይህ መኪና ተበላሽቷል፣ አይሰፋም» ከተባሉት ውስጥ ጥፋታቸው የመርፌው መገልበጥ ብቻ ሆኖ የተገኙ አሉ። ስለዚህ ምንም ከመፈታቱ በፊት መርፌው ይታያል።

ሦስተኛው መለያ፦ የሚመለስና የማይመለስ

ከሁለት መንገዶች አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን መጀመሪያ የሚሞከረው ነገ ሊቀለበስ የሚችለው ነው። ዘይት ይጠረጋል፤ የተላጠ ቀለም ግን አይመለስም። ለምሳሌ መዘውሩ አልዞር ያለ መኪናን እንውሰድ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ እዚህ ላይ ጉልበት የሚጠቀም ሰው የሚሰብረው ይበዛል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፣ ክር በቦቢኑ ቤት ዙሪያ ተጠምጥሞ ይሆናል፤ ይህ ተፈልጎ በወረንጦ ይወጣል። ሁለተኛው፣ አሮጌው ዘይት ደርቆ እንደ ሙጫ ይዞታል። ለዚህ ብረት ከብረት በሚፋተግበት ቦታ ሁሉ ጥቂት ነጭ ጋዝ ይንጠባጠባል፤ ጌጡን እንዳይነካ ይጠነቀቁ፤ ክፍሉም ነፋሻ፣ ከእሳትም የራቀ ይሁን። ከዚያ መጠበቅ ነው። መዘውሩን ወደፊትም ወደ ኋላም በጥቂቱ ማወዛወዝ፣ ማሳደር፣ እንደገና ማወዛወዝ። ነጭ ጋዝ የደረቀውን ያሟሟል እንጂ ብረትን አያለሰልስም፤ ያለውንም ዘይት አጥቦ ይወስዳል። ስለዚህ መዘውሩ መዞር ከጀመረ በኋላ ጋዙ ይጠረግና በየቀዳዳው አንድ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይገባል። የምግብ ዘይት ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ ሲቆይ ይደርቅና ያንኑ በሽታ መልሶ ያመጣል።

መዘውሩን ለማጽዳት ሲፈቱ ደግሞ በመሃሉ ያለችውን ዋሸር ያስተውሉ። በውጭ ዙሪያዋ ሦስት ጆሮዎች፣ በውስጧ ደግሞ ወደ ውጭ ያዘነበሉ ሁለት ትናንሽ ምላሶች አሏት። ሲገጥሟት ምላሶቹ ወደ እርስዎ ይዩ። መሃል ያለው ብሎን ጠብቆ መኪናው እንደሚገባ ካልያዘ ወይም ካልለቀቀ፣ ዋሸሯን አውጥተው ግማሽ ዙር አዙረው ይመልሷት። ከመፍታት በፊት በስልክ ፎቶ ያነሳ ሰው በዚህ ቦታ አይቸገርም።

ስለ ጠረጴዛው

የሲንጀር ጠረጴዛ ሲታይ ወፍራም የኦክ ወይም የዋልነት እንጨት ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ግን መልከ መልካሙ እንጨት በሌላ እንጨት ላይ የተለጠፈ ስስ ልባስ ነው። በማሽን የሚሞርድ ሰው ልባሱን በጥቂት ጊዜ በስቶ ከሥር ያለውን ያወጣዋል። ያ ደግሞ የማይመለስ ነው።

ልባሱን የያዘው በድሮው ጊዜ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚቀቀል ሙጫ ነበር። ይህ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ይላላል፤ ጠረጴዛው ዝናብ ሲያገኘው ጠርዙ የሚነሳውም ለዚህ ነው። ያው ባሕርይ መድኃኒትም ይሆናል። ልባሱ ተነስቶ ሙጫው ከሥሩ ካለ፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው ለብ ባለ ካውያ ለአጭር ጊዜ ይጫኑት፤ ከዚያም ጠፍጣፋ እንጨት ደርበው በሞርሳ አጥብቀው ያሳድሩት። ሙጫው አልቆ ከሆነ አቧራው ይጸዳና ጥቂት ኮላ ገብቶ እንዲሁ ይጫናል። መሃሉ እንደ ፊኛ ያበጠ ከሆነ በምላጭ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ተሰንጥቆ ኮላው ይገባል። መስመሩን አቋርጦ የተሰነጠቀ ዘወትር ይታያል፤ መስመሩን የተከተለ ግን ይሰወራል።

አሁን ደግሞ በእንጨቱ ላይ ወደ ተቀባው ልባስ እንለፍ። በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ አልኮል ያድርጉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቦታው ቢጣበቅ ልባሱ ሼላክ ነው። እንዲህ ከሆነ የተሰነጣጠቀውን ሳይልጡ፣ አልኮል በነካካው ብሩሽ ቀስ ብለው ቢያስኬዱበት ሼላኩ ላልቶ እርስ በርሱ ይያያዛል። እዚህ ላይ ተማሪው ቆም ብሎ ያስብ። በመኪናው ጌጥ ላይ አጥፊ ያልነው አልኮል በጠረጴዛው ላይ አዳኝ ሆነ። በሁለቱም ቦታ ፈሳሹም ልባሱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የተለየው ከሥር ያለው ነገር ነው። በእንጨቱ ላይ ሼላኩ ቢላላ መልሶ ይደርቃል፤ በመኪናው ላይ ግን ሲላላ ጌጡን ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባል ፈሳሽ የለም፤ የሚነካውን ነገር ማወቅ ይቀድማል።

እንጨቱን የተልባ ዘይት የሚቀባ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ይስማ፦ የነካካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት።

ስለ ተቃውሞና ስለ ፈተና

«ታዲያ ዝገቱ ቀለሙን በልቶት ካለቀ ምን ይደረግ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሚጠበቅ ነገር ካልቀረ ቀለም መቀባት ጥፋት አይደለም፤ ብረቱን ከተጨማሪ ዝገት ያድናልና። ደንባችን የቀረውን እንዳናጠፋ ይከለክላል እንጂ የጠፋውን እንዳንተካ አይከለክልም።

የሥራው ፈተና ስፌት ነው። አዲስ የቆዳ ቀበቶ ይገባል፤ እንዳይንሸራተት የጠበቀ፣ ፔዳሉን እንዳያከብድ ግን የላላ ይሁን፤ ቆዳ ሲሠራበት ስለሚረዝም ቆይቶ ጥቂት ይቆረጣል። መዘውሩ ወደ ሰፊው አቅጣጫ መዞሩ ይረጋገጥ፤ ወደ ኋላ ከተረገጠ ክሩ ይጠማዘዛል። ከላይና ከታች የተለያየ ቀለም ያለው ክር አግብተው በአሮጌ ጨርቅ ላይ ይስፉ። የላዩ ክር ከታች ቀለበት እየሠራ ከታየ፣ የክር ማጥበቂያውን ከመንካት በፊት ጨርቁን የሚጫነውን እግር ከፍ አድርገው ክሩን እንደገና ያስገቡ፤ ክሩ በማጥበቂያው ሳህኖች መካከል አልገባ ይሆናልና። ሁለቱ ክሮች በጨርቁ ውፍረት መሃል ከተያያዙ መኪናው ሥራውን ጀምሯል።

የመጨረሻው ግዴታ መጻፍ ነው። ምን እንደተለወጠ፣ በምን ኮላ እንደተጣበቀ፣ ምን ዓይነት ልባስ እንደተቀባ በወረቀት ጽፈው መሳቢያው ውስጥ ያኑሩ። ከእርስዎ በኋላ የሚያድሰው ሰው የመጀመሪያውን ከተጨመረው መለየት የሚችለው በዚህ ነው፤ ያንን ካልቻለ እኛ የጠበቅነውን እሱ ሳያውቅ ሊያጠፋው ይችላል።