ስለ አየር ኮምፕሬሰር ማድረቂያ

በመኪና መለዋወጫ ንግድ ውስጥ ዘወትር የሚያከራክር አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም ደንበኛው አዲስ የአየር ኮምፕሬሰር ገዝቶ ካስገጠመ በኋላ፣ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ተቃጠለብኝ ብሎ ይመለሳል። ሻጩ መካኒኩን ይወቅሳል፤ መካኒኩም ዕቃው ተመሳስሎ የተሠራ ነው ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የሚገኘው በማድረቂያው ዘንድ ነው።

እንደ ሬንጅ ሮቨር ያሉ አንዳንድ መኪናዎች በባሌስትራ ወይም በሞላ ፋንታ አየር በተሞላ የጎማ ከረጢት ላይ ያርፋሉ። ኮምፕሬሰሩ ከውጭ የሚስበው አየር እርጥበት ስላለው፣ ታምቆ መልሶ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ይሆናል። ይህም በክረምት ወራትና መኪናው ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ሲወርድ ይብሳል። ውሃው ቫልቮቹን እንዳያበላሽ አየሩ አስቀድሞ፣ ብዙ ጊዜ ሲሊካ ጄል በሚባሉ ጥቃቅን ፍሬዎች መካከል ያልፋል፤ ፍሬዎቹም እርጥበቱን ይይዛሉ።

ትልቁ ብልሃት ያለው በመልሱ ጉዞ ላይ ነው። መኪናው ዝቅ ሲል ከከረጢቱ የሚወጣው ደረቅ አየር በዚያው ማድረቂያ ተመልሶ ሲያልፍ፣ ፍሬዎቹ የያዙትን እርጥበት ጠርጎ ወደ ውጭ ያወጣዋል። በዚህ ዓይነት ማድረቂያው ራሱን እያደሰ ለዓመታት ያገለግላል። ከረጢቱ ወይም ጎሚኒው ተሰንጥቆ ሲያፈስ ግን አየሩ በስንጥቁ ይወጣል እንጂ በማድረቂያው አይመለስም። ኮምፕሬሰሩም የጎደለውን ለመሙላት ያለ ዕረፍት ይሠራል። ፍሬዎቹ በውሃ ጠግበው ይፈረካከሳሉ፤ ዱቄታቸው ቫልቮቹን ይዘጋል፤ በመጨረሻም ኮምፕሬሰሩ በሙቀት ይቃጠላል። እንግዲህ ስንጥቁ ሳይደፈን የሚገጠም አዲስ ኮምፕሬሰር ዕጣው ያው ነው።

የሚያፈስበትን ቦታ ለማግኘት የሳሙና ውሃ ይበቃል፤ በቱቦው መጋጠሚያና በከረጢቱ ላይ ሲቀባ አረፋ ይነሣል። ማታ ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና ጧት ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ቢገኝም ማፍሰሱን ያመለክታል። ማድረቂያው ከመፈታቱ በፊት መኪናው በጽኑ ድጋፍ ላይ መቆምና አየሩ መውጣት አለበት፤ ያለዚያ በሠራተኛው ላይ ሊወርድበት ይችላል። የረጠቡ ነገር ግን ያልተፈረካከሱ የሲሊካ ጄል ፍሬዎች በ120 ዲግሪ ያህል ሙቀት ለጥቂት ሰዓታት ደርቀው ሊመለሱ ይችላሉ። ዱቄት ከሆኑ መለወጥ ነው፤ ዋጋቸውም ከኮምፕሬሰሩ ጋር አይወዳደርም።

ፍሬዎቹ በመጋዘንም ቢሆን እርጥበት መጠጣታቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ባለ ሱቁ ለደንበኛ ለማሳየት ሲል እሽጉን ባይቀድ ይሻላል። አስመጪውም ኮምፕሬሰር ሲያዝ ማድረቂያው አብሮ ይምጣ ወይም ለብቻው ይሸጥ እንደ ሆነ አስቀድሞ ጠይቆ፣ መልሱን በማዘዣው ላይ ያስጽፍ።