የደከመ ልብና ትእዛዝ የማይሰሙ ተቀባዮች

በኮልፌ አጠና ተራ ጋደም ብሎ ያረፈ አንድ ጫኝ ብድግ ሲል፣ ግማሽ ሊትር ያህል ደም ወደ ታችኛው አካሉ ይወርዳል። አንገቱ ከልቡ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካለ፣ በዚያ ያለው የደም ግፊት ከልቡ አካባቢ በ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ያንሳል። ሰውየው ግን አይወድቅም። ምክንያቱን እንመልከት።

በአንገት ደም ቅዳና በአኦርታ ግድግዳ ያሉ የግፊት ተቀባዮች የቧንቧው መለጠጥ መቀነሱን ለአንጎል ያሳውቃሉ። አንጎልም በነርቮች አማካይነት ኖርአድሬናሊን ያስለቅቃል፤ የልብ ቤታ ተቀባዮች ይህን ትእዛዝ ተቀብለው ምቱን ያፋጥናሉ። ግፊቱ ሲስተካከል ትእዛዙ ይቀንሳል። ይህን በፊዚክስ አሉታዊ ግብረ መልስ እንለዋለን።

በልብ ድካም ጊዜ ይህ ሥርዓት ይዛባል። የግፊት ተቀባዮቹ ቁጥጥር ይዳከማል፤ ነርቮቹም ያለ ዕረፍት ልብን ይገፋፋሉ። ማይክል ብሪስቶና ባልደረቦቻቸው በ1982 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በደከመ ልብ የቤታ ተቀባዮች ብዛት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጩኸት የበዛበት ልብ ጆሮውን እንደ መድፈን ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ተጨማሪ ግፊት ሳይሆን ትእዛዙን ማለዘብ ሆነ። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተሙ ሁለት ሰፊ ጥናቶች፣ የመኮማተር ኃይሉ በቀነሰ ልብ ላይ ቤታ ብሎከር የተባሉት መድኃኒቶች ሞትን በሲሶ ያህል እንደሚቀንሱ አረጋገጡ።

መድኃኒቱ በትንሽ መጠን ይጀመራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ድካም ሊያስከትል ይችላል። ድንገት ማቋረጡ አደገኛ ስለሆነ፣ ታማሚዎች ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳይተዉት አደራ እንላለን።